ሰኞ አባሮ ሐሙስ የሚቀጥር ክለብ የለም

ማንችስተር ዩናይትድ አሰልጣኙን ሩበን አሞሪምን በጃንዋሪ 2026 ካሰናበተ ወዲህ የአርሰናል፣ የሊቨርፑልና የቼልሲ ደጋፊ ሁሉ የኦልድ ትራፎርድ ቅጥር ኮሚቴ ሆኖ አርፎታል። በየዲኤስቲቪ ቤቱም፣ በየኤፍኤሙ የስፖርት ሰዓትም የሚባለው አንድ ነው፦ «ገንዘብ አላቸው፤ ቱኸልን ወይ ፖቼቲኖን ጠርተው በሳምንቱ ያስፈርማሉ።» ከዚያ ደግሞ ፈገግ ሳይሉ ይጨምሩበታል፦ «እኛ ከውጭ ስለሆንን በገለልተኛ ዓይን ነው የምናየው።»

ገለልተኛ! በኦገስት 2021 (ቀኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አርሰናል በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በሲቲ 5 ለ 0 ተሸንፎ፣ አንድም ጎል ሳያገባ የሊጉ ግርጌ ላይ ሲቀመጥ፣ አሰልጣኙ አርቴታ እንዳይባረር አጥብቆ የጸለየው ማን ነበር? «ይቆይልን» እያለ ሲያላግጥ የከረመው ተቀናቃኙ ነው። ቆየላቸዋ! ከ2022/23 እስከ 2024/25 ሦስቱንም የውድድር ዓመት ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዩናይትድም ቼልሲም ከበታቹ ነበሩ። በእንግሊዝኛው ሲሳለቁበት የነበረው የቀድሞው የአርሰናል አሰልጣኝ ኡናይ ኤምሪም አስቶን ቪላን ሻምፒየንስ ሊግ አስገብቷል። በሰው ቁስል እንጨት መስደድን ትንታኔ ብሎ የሚጠራ ሰው ቢያንስ ገለልተኛ ነኝ አይበል።

ገንዘቡንማ አላቸው። እስቲ እንቁጠረው። በጁላይ 2024 ከአሞሪም በፊት የነበረውን አሰልጣኝ የኤሪክ ቴን ሃግን ውል እስከ 2026 አራዘሙ፤ አራት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 28፣ አባረሩት። ለእሱና ለረዳቶቹ ስንብት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ዳን አሽዎርዝ ራሱ በአምስት ወሩ ሲሸኝ 4.1 ሚሊዮን ተጨመረበት። አሞሪምን ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ለማውጣት የውል ማፍረሻው 10 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ እንዲያጥር ሌላ አንድ ሚሊዮን ተከፈለ። ይህም ሆኖ ሰውየው እስከ ኖቬምበር 10 ስፖርቲንግን ሲመራ ቆየ፤ በመሃል ሲቲን 4 ለ 1 ቀጥቷል። አምስት ረዳቶች ይዞ መጣ፤ የቴን ሃግ ረዳቶች ደግሞ ሻንጣቸውን አነሱ።

ይህ ርካሹ ወጪ ነው። ውዱ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ያ ስብስብ የተገዛው ለ4-2-3-1፣ ማለትም ለአራት ተከላካይና መስመር ይዘው ለሚያጠቁ ተጫዋቾች ነው። አሞሪም በሚጠቀመው ባለ ሦስት ተከላካይ 3-4-3 ግን መስመሩን ከጫፍ ጫፍ የሚሸፍን ተመላላሽ ያስፈልጋል፤ በግራ በኩል እንደዚያ ያለ ሰው ስላልነበረ በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ፓትሪክ ዶርጉን ከሌቼ መግዛት ግድ ሆነ። የመስመር አጥቂዎቹ ቦታ አጡ፤ አንቶኒ ወደ ቤቲስ፣ ራሽፎርድ ወደ ቪላ በውሰት ሄዱ፤ ጋርናቾ በክረምቱ ለቼልሲ ተሸጠ። መሃል ላይ ሁለት አማካይ ብቻ ስለሚቀር ባላጋራው ሦስተኛ ሰው ጨምሮ ኳሱን ይነጥቃል። ይህ የሚታረመው በልምምድ ነው። ሐሙስ ዩሮፓ ሊግ፣ እሁድ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ቡድን ግን ከጨዋታ ማግስት ያገግማል፣ በዋዜማው ቀለል ያለ ልምምድ ይሠራል፤ አዲስ አሰላለፍ የሚለማመድበት ቀን የት ይምጣ? የ2024/25 ውጤቱ፦ 42 ነጥብ፣ 15ኛ ደረጃ፣ ቢልባኦ ላይ ደግሞ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም የ1 ለ 0 ሽንፈት። ሰውየው መሰናበት አልነበረበትም አልልም፤ ሂሳቡ ግን ከእሱ ጋር አብሮ አይሰናበትም።

«እኛስ ቀይረን ዋንጫ በላን» ለሚለው የሊቨርፑል ደጋፊ፦ ክሎፕ መሄዱን ያስታወቀው ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ነው። ተተኪው ስሎት የገባው ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ሙሉ የቅድመ ውድድር ዝግጅት አግኝቶ፣ የአራት ተከላካዩን አሰላለፍ ሳይነካ ነው። ለዚያ ዓመት ከኪዬዛ በቀር ሰው አላስመጣም። ምሳሌያችሁ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

በጃንዋሪ ደግሞ የፈለጉት አሰልጣኝ ሳይሆን ሥራ የፈታው ነው የሚገኘው። ቱኸል ከእንግሊዝ፣ ፖቼቲኖ ከአሜሪካ፣ ናግልስማን ከጀርመን ብሔራዊ ቡድን ጋር ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ታስረው ነበር። ለዚህ ነው ዩናይትድ የቀድሞ ተጫዋቾቹን፣ መጀመሪያ ፍሌቸርን፣ ቀጥሎ ማይክል ካሪክን እስከ ውድድር ዓመቱ ማብቂያ የሾመው። ካሪክን ሚድልስብሮ ካሰናበተው ወራት አልፈው ነበር፤ ካሳ የሚጠይቅበት ክለብ አልነበረም፣ እንግሊዛዊ ስለሆነ የሥራ ፈቃድ አይጠበቅለትም፣ ግቢውን ያውቀዋል። እሱም ሲገባ ቡድኑን በአራት ተከላካይ አሰለፈ። ዩናይትድ በ2025/26 አውሮፓ ላይ አልነበረም፣ ከሁለቱም የአገር ውስጥ ዋንጫዎችም ወድቆ ነበር፤ ስለዚህ በጨዋታና በጨዋታ መካከል ሙሉ ሳምንት ነበረው። ሲቲን 2 ለ 0፣ ከዚያ አርሰናልን ኤምሬትስ ላይ 3 ለ 2 አሸነፈ። «የሰፈር ልጅ ሾሙ» እያለ ሲስቅ የነበረውም ያው ቅጥር ኮሚቴ ነው።