ሬጅስትራር ስንመርጥ ምን እየመረጥን ነው?

በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት (የፍርድ ቤቱን ሰነዶችና መዝገቦች ለሚመራ ኃላፊ ቦታ) የሚወዳደሩትን እጩዎች የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ያቀረቡት ጸሐፊ፣ አብዛኛውን ቦታ የሰጡት ለእጩዎቹ ፓርቲና ደጋፊዎች ነው። በእኔ እምነት መቅደም የነበረበት ቢሮው ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ነው፤ በአገራችን በኢትዮጵያ ሬጅስትራር የሚቀጠር እንጂ በሕዝብ የሚመረጥ ባለመሆኑ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ድምፅ ስንሰጥ ይህን ቦታ ባዶውን የምናልፍ ጥቂት አይደለንም።

በቨርጂኒያ ሬጅስትራሩ የሚመረጠው ለ8 ዓመት ነው፤ የገዥው የሥራ ዘመን እንኳ 4 ዓመት ብቻ ነው። የቤት ሽያጭ ሰነድ የሚመዘገበው፣ የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው፣ የሟች ኑዛዜ የሚጸድቀው በዚሁ ቢሮ ነው። በተለይ በኑዛዜ ጉዳይ ሬጅስትራሩ ወረቀት ተቀብሎ መዝገብ ቤት የሚያስቀምጥ ብቻ ሳይሆን ራሱ መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን ስላለው፣ ሐዘን ላይ ሆኖ ሰነድ ይዞ የሚቀርብ ቤተሰብ በቶሎ መስተናገዱ ወይም መጉላላቱ በእጅጉ የሚወሰነው በዚህ ሰው አሠራር ነው።

በአንጻሩ የትራፊክ ቅጣት አቃልላለሁ የሚል እጩ ቢኖር (በምርጫ ሰሞን ምን የማይባል አለ?) ቃል የሚገባው በእጁ በሌለ ነገር ነው። የትራፊክ ክስ የሚታየው በሌላ ፍርድ ቤት፣ በጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የዚያ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ደግሞ የሚሾም እንጂ የሚመረጥ አይደለም።

በሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ቢሮ የሚያዘውን የመሬት መዝገብ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለማየት በብዙ ካውንቲዎች (የግዛቱ የአስተዳደር አካባቢዎች) የደንበኝነት ክፍያ ይጠየቃል። ጸሐፊው ይህ ክፍያ ይቀጥል እንደሆነ እጩዎቹን ጠይቀው መልሳቸውን ቢያወጡልን፣ ከደጋፊዎች ዝርዝር የበለጠ ይጠቅመን ነበር።