ሞተሩ ይነሳል፣ ወረቀቱስ?

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ገላን፣ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና አይጠፋም። ብዙዎቹ ቦሏቸው ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ካስወደደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ለእነዚህም ፈላጊ መጥቷል። የምኖረው ለንደን ነው። ዘንድሮ አገር ቤት ስመጣ የአክስቴ ልጅ ለገጣፎ አንድ ቶዮታ ዲኤክስ ሊገዛ ሲል አብሬው ሄድኩ።

መካኒኩ ቦኔቱን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ሞተሩን አልነበረም። በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ላሜራ ፈተገ። ዝገቱ ሲለቅ የሻንሲው ቁጥር ብቅ አለ። የአክስቴ ልጅ ከሊብሬው ላይ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነባል፣ መካኒኩ በጣቱ እየነካ «አለ» ይላል። አንዷ ቁጥር 3 ትሁን 8 አልለይ ስትለው በስልኩ መብራት ከግራም ከቀኝም እያበራ እስክትታወቅ ድረስ ቀና አላለም። «ሞተር ቢቀየርም ተመዝግቦ ያልፋል፤ ይቺ ካልገጠመች ግን አትግዙ» አለን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ ለንደንም ውስጥ ብዙ አላየሁም።

እንግሊዝ አገር የመኪናው ታሪክ ለማንም ክፍት ነው። ታርጋውን ኢንተርኔት ላይ የጻፈ ሁሉ በየዓመቱ ምርመራ ምን ጉድለት እንደተገኘበት፣ ስንት ማይል እንደተነዳ በነጻ ያያል። መኪናውን የሚያቆም ሰው «ከመንገድ ወጥቷል» ብሎ ያስመዘግባል፤ ግቢው ውስጥ እስከቆመ ድረስ የመንገድ ግብር አይከፍልም። መልሶ ሊያወጣው ሲፈልግ መድን ይገባል፣ የምርመራ ቀጠሮ ይይዛል፣ ወደ ቀጠሮውም እየነዳ መሄድ ይፈቀድለታል። እዚያም ጉድለት አለ፤ የምዝገባ ወረቀቱ ራሱ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፣ በዱቤ የተገዛ መኪና ዕዳው ካላለቀ ጣጣው ለገዢው ሊተርፍ ይችላል። በዚህ በዚህ የእኛ ሊብሬ ይሻላል።

ችግሩ በእኛ አገር ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው መሆኑ ነው። የዲኤክሱ ሊብሬ በሟች አባት ስም ነው። ልጁ የሚሸጠው አባቱ በሕይወት ሳሉ በሰጡት ውክልና ነበር። ደላላው «በውክልና ያዘው፣ ስም ማዞሩ ይደርሳል» አለ። ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ይቀራል። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት አለባቸው፤ መኪናው በትዳር የተፈራ ከሆነም የእናትየው ድርሻና ፊርማ አለበት። ሻጩም ቢሆን ተጎጂ ነው። ስሙ ሳይዞር መኪናው ሰው ቢገጭ ሕጉ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። በየሰፈሩ በውክልና የሚነዳው መኪና ብዛት ያስፈራኛል፤ አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ለአንድ ቤተሰብ የሚተርፈውን ክርክር አስቡት።

ጥገናው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ፍሬን ሸራው፣ ጎማው፣ ባትሪው፣ የደረቁት ጎሚኒዎች የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲዞሩ ይገኛሉ። ቀጥሎ ሦስተኛ ወገን መድን፣ ምርመራ፣ ቦሎ። ፋይሉ አዲስ አበባ ስለሆነ ወደ ኦሮሚያ ላዙር ያለ ደግሞ ፋይሉን ማስላክ አለበት።

እኔ የምመኘው ትልቅ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ቦሎ ሲለጠፍ መርማሪው የሚያየው ነገር ገዢው በታርጋ ቁጥር ሊያየው ይችል ዘንድ ቢከፈት፣ መኪና የሚያቆም ሰውም መቆሙን የሚያስመዘግብበት መስኮት ቢኖረው፣ ስንቱ ከደላላ አፍ ይድን ነበር። መረጃው እኮ አለ፤ ፋይል ውስጥ ተቆልፎ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቀብድ ብቻ ከፈለ። ከወራሾቹ አንዷ ዱባይ ስለሆነች ውክልናዋን ከዚያው አረጋግጣ ትልካለች። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ሁሉም ወራሾች ወይም ወኪሎቻቸው ውልና ማስረጃ ቀርበው ሲፈርሙ እንደሆነ በቀብድ ውሉ ላይ ሰፍሯል።