ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ተነሥተው በጣርማ በር አድርገው ደብረ ብርሃን የገቡ አንድ አዛውንት በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። በርኖሳቸውን እስከ ጆሯቸው ስበውታል፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት መቼም ለእንግዳ አያዝንም። የመጡት ለአንድ ፊርማና ለአንድ ማኅተም ነው። ሰነዳቸው ተሟልቷል፤ ባለሙያዋም መርምራ ስሕተት እንደሌለበት ነግራቸዋለች። ነገር ግን የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው፤ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ናቸው። የሥልጠናው ርዕስ የአገልግሎት አሰጣጥን ማሻሻል መሆኑን የነገረችን ያችው ባለሙያ ናት። ስትነግረን ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

«አባቴ፣ ሐሙስ ቢመለሱ ይሻላል» አለቻቸው። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

መሥሪያ ቤቱን በስሙ መጥራት አልፈልግም፤ ብጠራውም ጎረቤቱ ከእርሱ አይለይም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ተቋም በደንብ መመራቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ኃላፊው በሌሉበት ቀን ሄዶ ይየው። ኃላፊው ባሉበት ቀንማ ሁሉም ቢሮ ሥራ የሚሠራ ይመስላል።

በረንዳው ላይ የሚነበብ ነገር አልጠፋም። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት፣ የዜጎች ቻርተር፣ ከጎኑም ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻያው የጃፓኖች ዘዴ፣ የካይዘን፣ አምስቱ ማዎች፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የሥራ ሂደትን ከሥሩ ይለውጣል የተባለው ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር የተባለው ምዘና መጣ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሚገርመው ካይዘን ከተወለደባቸው የጃፓን ፋብሪካዎች መካከል በቶዮታ አንድ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ ርዳታ መጥራት፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታም የማምረቻ መስመሩን ማስቆም ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ እስኪወጡ አይጠብቅም። እኛ ሰሌዳውን ወስደን ገመዱን እዚያው ትተነው መጣን።

እንዲህ ያለውን ችግር አስቀድሞ ያየ ፈረንሳዊ ነበር። ሄንሪ ፋዮል ይባላል፤ አንድ የማዕድን ኩባንያ ለ30 ዓመታት የመራ ሰው ነው፤ የአስተዳደር መርሆዎቹን እ.ኤ.አ. በ1916 አሳተመ። በየኮሌጁ ማኔጅመንት የተማረ ሁሉ 14ቱን መርሆዎች ለፈተና ሸምድዷል፤ እኔም ሸምድጃለሁ። ከእነዚያ አንዱ የዕዝ ሰንሰለት ነው፤ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች፣ ሪፖርት ከታች ወደ ላይ። ፋዮል ግን እዚያው ላይ አንድ ድልድይ አበጅቶ ነበር፦ በሁለት ክፍሎች ውስጥ በእኩል ደረጃ ያሉ ሠራተኞች አለቆቻቸው ከፈቀዱ ወረቀቱን እስከ ላይ አውጥተው እስከ ታች ሳያወርዱ እርስ በርሳቸው ይጨርሱ ይላል። ሰንሰለቱን እኛ ጋ ማንም ያውቀዋል። ድልድዩን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው፤ ለፈተናም ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ጊዜው አልገፋ ሲለን አዛውንቱን ስለ ጓሳ ጠየቅኳቸው። ከመንዝ ሰው ጋር ተቀምጦ ስለ ጓሳ አለመጠየቅ ነውር ይመስለኛል። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ያ የሣር ምድር የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ በመሆኑ ጎብኚ ያውቀዋል። እኔን የሚስበኝ ግን አስተዳደሩ ነው። ቀሮ በሚባለው ሥርዓት የመንዝ ሰው ጓሳን ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል። ምድሩን ያቀኑት የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቆቻቸውን ይመርጡ ነበር፤ ምድሩም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የመዝጊያውን ርዝመት የሚወስነው በሩቅ የተቀመጠ ሰው የጻፈው የጊዜ ሰሌዳ አልነበረም፤ የሣሩ እድገትና የሰዉ ችግር ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ይታጨድ ነበር፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንደገና ይዘጋ ነበር።

ጥበቃው በተራ ነበር። «አባቴ ተራው ሲደርስ ይወጣ ነበር» አሉኝ አዛውንቱ። «አለቃው ቢታመም፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ ተራው ያው ተራው ነው። የማንን ፈቃድ ይጠብቃል?»

እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ስለ ጋራ ሀብት አያያዝ የጻፈችውን ያነበበ ሰው እነዚህን ነገሮች ያውቃቸዋል፦ ወሰኑ የታወቀ ይሁን፣ ደንቡ ለቦታው ይስማማ፣ የሚጠቀመው ሰው ደንቡን በማውጣት ይሳተፍ፣ ጠባቂውም ከተጠቃሚው ይውጣ።

ቀሮን ግን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። መብቱ የዘር ነበር፤ ከአቅኚዎቹ ትውልድ ያልተቆጠረ ሰው በእኩል አይቆምም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን በር ሲከፍት ፍትሕ የነበረው አለ፤ ጥበቃውንም አብሮ አላላው። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ እስኪይዝ ድረስ ጓሳው ተጎድቷል። ስለዚህ ቢሮዎቻችን የአያቶችን ሥርዓት እንዳለ ይገልብጡ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። የምወስደው አንዲቱን ነገር ብቻ ነው፦ ውሳኔው ሥራው አጠገብ ካለው ሰው እጅ ነበር።

ወደ ባለሙያዋ ልመለስ። ለምን ተወክላ እንደማትፈርም በቀስታ ጠየቅኳት። «ብሳሳት የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ባለጉዳዩ ሐሙስ ቢመለሱ ግን ማንም አይጠይቀኝም» አለችኝ። በዚህ መልስ ውስጥ ስንፍና የለም። ሒሳቧን በትክክል ሠርታለች። ለፈረመ ሰው ኦዲት፣ ግምገማና አንዳንዴም ክስ ይመጣል፤ ላልፈረመ ግን ምንም አይመጣም። ኃላፊውም ቁልፉን ኪሳቸው የሚከቱት ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ በሌላ ሰው እጅ የተመታ ማኅተም ነገ እርሳቸውን እንደሚያስጠይቅ ስለሚያውቁ ነው። ማኅተሙ ከብዙ እጅ ከገባ ሌብነት ይበዛል የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን ጉቦ የሚጣፍጠው ሰልፉ ሲረዝምና መንገዱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው ባይ ነኝ። በጓሳ ጠባቂው ብዙ ስለነበረ ጠባቂውንም የሚያይ ዐይን ነበረ።

መድኃኒቱ አዲስ ሥልጠና አይጠይቅም። ኃላፊው ከከተማ ሲወጡ ማን እንደሚፈርም፣ በየትኛው ጉዳይ፣ እስከ ምን መጠን ድረስ እንደሚወስን የሚገልጽ አንድ ገጽ የውክልና ደብዳቤ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ለራዕዩ የተገኘ ግድግዳ ለዚህም አይጠፋም። በተወካዩ የተፈረመውን ኃላፊው ሲመለሱ ይመርምሩት፤ በቅን ልቦና ለተሠራ ስሕተት ቅጣት እንደማይኖርም አስቀድሞ ይጻፍ። የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ደግሞ በሩብ ዓመት ግምገማቸው ላይ «ስንት ሠራተኛ ሠለጠነ?» ከሚለው ጎን «ስንት ባለጉዳይ የኃላፊውን መመለስ ጠበቀ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨምሩ። ቁጥሩ እውነት እንዳይሆን የሚደረገውን ጥረት ከአሁኑ አየዋለሁ፤ ቢሆንም ይጨመር።

ሐሙስ ኃላፊው ተመለሱ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለአዛውንቱ ወንበር አስመጡላቸው፣ ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን መቱ። ሰነዱን አላነበቡትም። «እርሷ አይታው ከሆነ ይበቃል» አሉ።