ለቬራዛኖ ዜድ፣ ለሠራተኛውስ?

ኒው ዮርክ ተገላገለች። በ2018 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) መስከረም 21 ቀን የያኔው ገዥ አንድሪው ኩሞ ፈረሙና የቬራዛኖ ድልድይ ስም ላይ ሁለተኛ «ዜድ» ተጨመረች። ስሙ ከ1960 ጀምሮ በአንድ ዜድ ሲጻፍ ኖሯል።

በግዕዝ ፊደል ላደግን ሰዎች ነገሩ ግራ ነው። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉንም፣ «ገና አልደረሰም»ንም እናነባለን። ማጥበቅ የአንባቢው ሥራ ነው። እሺ፣ ስሙ የጣልያን ነው፤ ይታረም። ያናደደኝ ምክንያቱ ነው። ኒው ዮርክን ላገኘው ሰው የሚገባው ክብር ነው ይሉናል።

አገኘ? ጠፍታ ነበር እንዴ? ድልድዩ የተሰየመለት ጣልያናዊ መርከበኛ ጆቫኒ ዳ ቬራዛኖ በ1524 በፈረንሳይ ንጉሥ ተልኮ ሲደርስ የአገሩ ተወላጆች ሌናፔዎች በጀልባቸው ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። ላባ አጊጠው በደስታ እንደተቀበሉት ለንጉሡ የጻፈው ራሱ ነው። ከአውሮፓውያን መቅደሙን አልክድም። ግን ንፋስ ተነሣበትና ወዲያው መልሕቁን ነቅሎ ሄደ። በዚያው ጉዞ ካሮላይና ላይ ከአሸዋው ማዶ ያየውን ውኃ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው ብሎም ነበር። እንግዲህ ለዚህ መንገደኛ ነው ይህ ሁሉ ሽር ጉድ!

ከንፋሱ ጋር የታገሉትስ? ድልድዩ በ1964 ሲከፈት በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል 1,298 ሜትር ተዘርግቶ በዓለም አንደኛ ነበር። ያንን ብረት ሰማይ ላይ ቆመው ያሰሩት ሠራተኞች ናቸው። ሦስቱ ሞተዋል። በ1963 አንድ ወጣት ወድቆ ሲሞት ጓደኞቹ ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ደመወዝ አልነበረም፤ ከሥር መረብ ይዘርጋልን ነው ያሉት። መረቡ ተዘረጋ፤ ከዚያ በኋላ የወደቁትንም አተረፈ። መረብ ለማግኘት ሰው መሞት ነበረበት? በምረቃው ቀን ደግሞ ባለሥልጣናቱ ሪባን ሲቆርጡ ሠራተኞቹን የጠራቸው አልነበረም።

መሐንዲሱ ኦትማር አማን የምድርን ክብነት አስልቶ የምሰሶዎቹን ጫፍ ከሥራቸው ይልቅ 4 ሴንቲሜትር ገደማ አራርቋል። ቢሮ የተቀመጡት ግን አንዲት ፊደል ለማስተካከል 58 ዓመት ፈጀባቸው!

የኒው ዮርክ ማራቶን ከዚያው ድልድይ ይነሣል። በ2009 ደራርቱ ያሸነፈችበት ነውና ቴሌቪዥን ከፍተን መጠበቃችን አይቀርም። ስለ ዜዷ እንደሚነግሩን እርግጠኛ ነኝ። ስለ ሦስቱ ሟቾች የሰማ ካለ ይንገረኝ።