የሚሄዱበት አገር ኪራይስ?

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «የቤት ዋጋ ከአቅም በላይ ከሆነ ወደ ውጭ አገር መውጣት ይሻላል» ይላል። ምሬቱ ይገባኛል። የቤት ዋጋ ከደመወዝ ቀድሞ ሲሮጥ፣ ቆጥቦ መግዛት የማይታሰብ ይሆናል።

ግን የመሄጃው አገር ገበያስ? እሱ አልተነሳም። ካናዳ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የመኖሪያ ቤት እንዳይገዛ በአብዛኛው ከልክላለች። ኒውዚላንድም በ2018 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። እንዲህ ባለ አገር ለብዙው አዲስ ገቢ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ያለው አማራጭ ኪራይ ነው።

ኪራዩም በቀላሉ አይገኝም። አከራዩ የደመወዝ ማስረጃ፣ የብድር ታሪክ፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ይጠይቃል። ትናንት የገባ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ወይ ዋስ ይፈልጋል፣ ወይ የወራት ኪራይ አስቀድሞ ይከፍላል። ይዞት የሄደው ጥሪት ሥራ ሳያገኝ እልም ይላል። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለጉዞ ብላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። ዋጋው መውጣቱን ከቀጠለ፣ ኑሮው አልሆን ብሏችሁ ብትመለሱ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ቤት አታገኙትም። አከራይቶ መሄድ ይሻላል።

የሥራ ውል በእጁ ላለ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ከታክስ በኋላ የሚቀረውን ደመወዝ ከሚሄድበት ከተማ ኪራይ ጋር አስተያይቶ ይወስን።