ኪራዩስ ስንት ነው?

በጥር ብርድ ቺካጎ ላይ ታክሲ ለሚነዳ ሰው፣ የት ገብቶ መሞቅ እንደሚቻል ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ላሳል ጎዳና ላይ ያለውን ሩከሪ የሚባል ህንፃ ያወቅሁት እንደዚህ ነው። ሰፈሩ ባንክና ጠበቃ የሚበዛበት የድሮ የንግድ ሰፈር ነው። ተሳፋሪ አወረድኩ፣ ጆሮዬ ሊረግፍ ደርሷል፣ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ጥበቃው አየኝና ዝም አለ።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ከላይ የመስታወት ጣሪያ፣ ዙሪያውን ነጭ እብነ በረድ፣ እብነ በረዱ ላይ የወርቅ ቅብ ጌጥ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ቡናቸውን ይዘው ይሮጣሉ፣ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። የኔ ዓይን አንድ አምድ ላይ ቀረ። የአምዱ እብነ በረድ በአንድ በኩል ሆን ተብሎ ተከፍቶ ተትቷል። ከሥሩ ሌላ አምድ ይታያል፤ ጌጥ የተሠራበት የብረት አምድ። የኋለኛው ዘመን የፊተኛውን ደርቦት ነው የቆመው።

ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ላክሁላቸው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፒያሳ ከአርባ ዓመት በላይ ልብስ ሰፍተዋል። በቴሌግራም በድምፅ መለሱልኝ፦ «ይሄማ ግልባጭ ኮት ነው!» ለማታውቁ፣ ድሮ ኮት ሲያረጅ አይጣልም ነበር። ጋሼ ስፌቱን ይፈቱታል፣ ጨርቁን ይገለብጡታል፣ ፀሐይ ያልነካው ወገን ወደ ውጭ ይወጣና መልሰው ይሰፉታል። ባለቤቱ ለፋሲካ አዲስ ለብሶ ይወጣል። ከዚያ ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ኪራዩስ ስንት ነው?»

ሳቅሁ። ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው። ኋላ ግን የህንፃውን ታሪክ ሳነብ፣ ነገሩን የጨበጡት እሳቸው መሆናቸው ገባኝ።

ከመቀጠሌ በፊት፦ የቺካጎውን ዓመት በፈረንጅ፣ የአዲስ አበባውን በኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ሁለቱን ማቀላቀል የዲያስፖራ በሽታ ነው።

በጥቅምት 1871 ቺካጎ ነደደች። ከ17 ሺህ በላይ ህንፃ ወደመ፣ ወደ 300 ሰው ሞተ፣ 100 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ላሳል እና አዳምስ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የብረት የውሃ ማጠራቀሚያ ከእሳቱ ተርፎ ነበር። ከተማዋ እሱን ከብባ ጊዜያዊ ማዘጋጃ ቤት ሠራች። ማጠራቀሚያውም ሥራ አልፈታም። እንግሊዞች መጻሕፍት ለገሱ፣ ውስጡ መደርደሪያ ተሠራ፣ በ1873 የከተማዋ የመጀመሪያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ሮቶ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ማንበብን አስቡት!

በዚያ ማዘጋጃ ቤት ላይ ወፍ ይሰፍርበት ነበር። ሕዝቡ «ሩከሪ» አለው። ሩክ የቁራ ዘመድ ነው፤ ሩከሪ መንጋው የሚሰፍርበት ቦታ። ቃሉ ማጭበርበር የሚል ፍቺም ስላለው፣ ስድቡ ውስጥ ለተቀመጡት ሹማምንትም ይደርስ ነበር። ጊዜያዊው ቤት ፈርሶ አዲስ ሲሠራ ስሙ ከቦታው ጋር ተጣብቆ ቀረ። አርክቴክቱም አልተከራከረም፤ መግቢያው ድንጋይ ላይ ወፎቹን ቀረጸባቸው።

መሬቱን ከተማዋ ለ99 ዓመት በሊዝ ሰጠች። አዎ፣ ሊዝ። እኛ ሊዝ የሚለውን ቃል ስንሰማ ሆዳችን ይረበሻል፣ እዚያ ግን በ1880ዎቹም ነበረ። ገንዘቡ ብሩክስ ከሚባሉ የቦስተን ወንድማማቾች መጣ። ንድፉ የዳንኤል በርንሃም እና የጆን ሩት ነው። ባለ 11 ፎቁ ህንፃ በ1888 አለቀ።

የቺካጎ አፈር ረግረጋማ ሸክላ ነው። ከባድ ህንፃ ካቆምክበት ይሰምጣል። ሩት የባቡር ሐዲድ ብረት እያመሳቀለ ደርድሮ ኮንክሪት አፈሰሰበት፣ ህንፃው እንደ ታንኳ ተኛበት። የኔን ልብ የወሰደው ግን የመሃሉ ክፍት ቦታ ነው። ያኔ የኤሌክትሪክ መብራት ገና ልጅ ነበር። ጨለማ ቢሮ ተከራይ አያገኝም። ስለዚህ ህንፃውን መሃሉን ክፍት አድርገው ሠሩት፤ እያንዳንዱ ክፍል ወይ ከመንገዱ ወይ ከመሃሉ ብርሃን ያገኛል። የክፍቱን የታችኛውን ሁለት ፎቅ በመስታወት ከደኑትና ሱቅ አስገቡበት። እኔ አፌን ከፍቼ ያየሁት ውበት ሥሩ ሲፈለግ የኪራይ ብልሃት ነው።

17 ዓመት እንዳለፈ፣ በ1905፣ አዳራሹ ፋሽኑ አለፈበት። በሰፈሩ አዳዲስ ህንፃ በቅሎ ተከራይ ይሻማል። ባለቤቶቹ ፍራንክ ሎይድ ራይትን ቀጠሩ፤ የሩትን ብረት በነጭ እብነ በረድና በወርቅ ቅብ አለበሰው። በ1931 ደግሞ ሌላ አርክቴክት መጥቶ ሊፍቱን ዘመናዊ አደረገ፣ መግቢያውንም ቀየረ። ቆይቶ የመስታወቱ ጣሪያ በሬንጅ ተሸፈነ፣ አዳራሹ ለብዙ ዓመት ጨለማ ሆነ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላቸው። «አፍስሶ ነዋ! ሬንጅ ሌላ ለምን ይቀባል? እዚያም ቤት ያፈሳል በለኝ!» በ1992 በትልቅ እድሳት ብርሃኑ ተመለሰ። ያኔ ነው አንዱን አምድ ከፍተው የተዉት፣ ሰው የሥሩን እንዲያይ።

አሁን ወደ ጋሼ ሱቅ እንሂድ።

ፒያሳን የድሮ ሰው አራዳ ይለዋል። የጊዮርጊስ ደጅ ገበያ የምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ነበር። ህንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጉራጌው ሁሉ እዚያ ነው ሱቅ የከፈተው። ከተማ የነቃ፣ የማይሸወድ ሰው «አራዳ» የተባለው በዚህ ሰፈር ስም ነው፤ የንግድ ቦታ ስም የሰው ባሕርይ መጠሪያ ሲሆን እኔ ሌላ አላውቅም። ጣሊያን ሲገባ ቦታውን ለፈረንጅ ከለለ፣ ያገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረ፣ ፒያሳ የሚለውንም ስም ተወልን። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ይነግድ የነበረውን የህንዱን ሙሐመድ አሊ ኩባንያ ደግሞ በ1929 ከአገር አባረረ።

የጋሼ ሱቅ ከነዚያ አሮጌ ቤቶች በአንዱ ሥር ነበር። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ በረንዳው የተፈለፈለ ሳንቃ። ማን እንደሠራው አንዱ አርመን ነው ይላል፣ ሌላው ህንድ። ባለቤቶቹ ቤቱን ያጡት በሐምሌ 1967 ነው። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። እስከ 300 ብር ይከራዩ የነበሩ ቤቶች ዋጋ ተቀነሰ፤ የዝቅተኞቹ በግማሽ።

ጋሼ በዚያ አዋጅ ተጠቅመዋል፣ አይክዱም። አምስት ልጅ ያሳደጉት በርካሽ ኪራይ ነው። ግን ዓመታት አለፉና ኪራዩ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሆነ። በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ማን ቆርቆሮ ይቀይራል? ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ልጅ ሆኜ ሲንጀሩን ከጠብታ የማሸሽ ሥራ የኔ ነበር። ጋሼ ለእድሳት ማመልከቻ አስገቡ። ባለሙያ መጥቶ ያየዋል ተባለ። ክረምቱ መጣ፣ ባለሙያው ቀረ። በራሳቸው ገንዘብ እንዳያድሱት ቤቱ የሳቸው አይደለም፤ ነገ ውጡ ቢባሉስ? ላስቲክ ወጠሩበት። ጎረቤታቸውም ላስቲክ ወጠረ። እንዲህ እንዲህ እያለ የበረንዳው ሳንቃ በሰበሰ፣ ግድግዳው አበጠ፣ ያ የተፈለፈለ እንጨት ለማገዶ እየተቆረሰ ሄደ።

እኛ ዲያስፖራዎች እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለብን። «ፈረንጅ ቅርሱን ይወዳል፣ እኛ አንወድም» እንላለን። በሰርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ በየጠረጴዛው። እኔም ብዬዋለሁ። ውሸት ነው።

ቺካጎ በዓለም የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ይባል የነበረውን የ1885 ህንፃ በ1931 አፈረሰችው። በ1972 ደግሞ የድሮው የአክሲዮን ገበያ ህንፃ ላይ ዘመተች። ሪቻርድ ኒከል የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የሚፈርስ ህንፃ እየተከተለ ያነሳል፣ ጌጡን ከፍርስራሽ ውስጥ እየለቀመ ያድናል። በዚያው ህንፃ ውስጥ ጌጥ ሲፈልግ ተደርምሶበት ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። የህንፃው የመግቢያ ቅስት ዛሬ ከከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎን ብቻውን ቆሟል፣ ወደ የትም የማያስገባ በር ሆኖ። ሩከሪ በከተማዋ ሕግ የተጠበቀ ቅርስ የተባለው በዚያው በ1972 ነው።

ታዲያ ሩከሪን ምን አተረፈው? እንደኔ እንደኔ፣ ኪራይ። በየዘመኑ ባለቤት ነበረው፤ ያ ባለቤት ተከራይ እንዳይሸሸው ይፈራ ነበር። ፍርሃቱ ነው እብነ በረድ ያስገዛው። ሕጉም ይሄን ያውቃል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ታሪካዊ ህንፃን በደንቡ ለሚያድስ ሰው የወጪውን 20 በመቶ ከግብሩ ይቀንስለታል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ህንፃው ገቢ የሚያስገኝ መሆን አለበት። የራስህን መኖሪያ ብታድስ ይሄኛው አይመለከትህም። ሱቅ ከሆነ፣ ቢሮ ከሆነ፣ ሆቴል ከሆነ ና ይሉሃል።

እዚያው ፒያሳም ምስክር አለኝ። ጣይቱ ሆቴል። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌይቱ ያሠሩት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል። ጥር 3 ቀን 2007 እሳት ተነስቶበት የጃዝ ምሽት ቤቱ ወደመ፣ ዋናውም ህንፃ ተጎዳ። አለቀለት አልን። ተጠግኖ ተመለሰ። ለምን? አልጋ ይከራያል፣ ምሳ ይሸጣል። ባለፈው ስሄድ የእንጨቱ ደረጃ ሲጮህ ሰማሁና ደስ አለኝ።

የጋሼ ሱቅ የፈረሰው በመጋቢት 2016፣ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ ነው። ቪዲዮውን ያየሁት ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ፣ መሪው ላይ ተደግፌ ነው። እውነቱን ልናገር። ኋላ ሄጄ መንገዱን አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ እግረኛ ዘና ብሎ ይሄዳል። ድሮ በዚያ ጠባብ መንገድ እየተጋፋሁ ያደግሁ ሰው መንገዱ አስጠላኝ ብል ውሸታም እሆናለሁ። ቤቱም ቢሆን በኔ እይታ ቀድሞ ሞቶ ነበር። አርባ ክረምት ገድሎታል። ስካቫተሩ የመጣው ለቀብሩ ነው። የሚቆጨኝ ከአርባው ክረምት በአንዱ እንኳ አንድ ሰው ሒሳቡን ሳይሠራው መቅረቱ ነው። ያ በረንዳ ታድሶ ታቹ ልብስ ስፌት፣ ላዩ ቡና ቤት ቢሆን ራሱን አይከፍልም ነበር? ፒያሳ እኮ ነው!

ጋሼ አሁን ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት። ሲንጀሩ ሳሎን ውስጥ ቆሟል። አልፎ አልፎ የጎረቤት ሱሪ ያሳጥራሉ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። የኪራዩን ነገር አልረሱትም።

«ጠየቅህልኝ?»

«ጥበቃውን ጠየቅሁት ጋሼ። ‹አንተ አትችለውም› አለኝ።»

ሳቁ። «እነማን ናቸው የሚከራዩት?»

«ጠበቆች፣ የገንዘብ ኩባንያዎች። ሁሉም ሱፍ ለባሽ ነው።»

«ልብስ ሰፊ የለበትም?»

«እኔ አላየሁም። አብዛኛው ተሰፍቶ ያለቀውን ነው የሚገዛው ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ እውነት አሳስቧቸው፣ «ታዲያ እጅጌውን ማን ይለካቸዋል?» አሉኝ።