ይድረስ ለክቡር «ሶፍትዌርዎ ወቅታዊ ነው»

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከስልኬ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። መቼም አይረሱኝም። «ቅንብሮች» ገብቼ «ስለ ስልኩ» የሚለውን በነካሁ ቁጥር ከነአረንጓዴ ምልክትዎ ተቀምጠው አገኝዎታለሁ። «ሶፍትዌርዎ ወቅታዊ ነው» ይሉኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከእግርዎ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን አይተዋታል? «የደህንነት ጥገና፦ ማርች 2022» ትላለች። እኛ ዘንድ 2022 ገና አልገባም። በእኛ አቆጣጠር እየሠሩ ከሆነ ከጊዜው እንኳ ቀድመዋልና ደብዳቤውን እዚህ ላይ ያጥፉት። በፈረንጁ ከሆነ ግን ከዚያ ወዲህ ጥገና አልመጣም ማለት ነውና እንነጋገር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጁ ናቸው፤ እንዳንካካድ።)

ስልኩን የገዛሁት ፒያሳ ነው። የሸጠልኝ ልጅ ምላሱ ማር ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ አነበነበልኝ። 108 ሜጋፒክሰል፣ ስምንት ኮር፣ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ። ራሙ (ስልኩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ፈጣን ቦታ) ደግሞ «ስምንት ሲደመር ስምንት»። አሥራ ስድስት መሆኑ ነው አልኩ በሆዴ። ኋላ ሲጣራ ሁለተኛዋ ስምንት ራም አይደለችም። ከዚያው ከስልኩ ማከማቻ የተቆረሰች፣ ከራም በጣም የምትዘገይ ቦታ ናት። የራሴን ቦታ ወስደው መልሰው ሸጡልኝ።

«አፕዴትስ እስከ መቼ ያገኛል?» አልኩት። ያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ የለም። «አብሽር ወንድሜ፣ ራሱ ያደርጋል» አለኝ። እንግዲህ ወሎ ውስጥ አብሽር ያለ ሰው እንዲያው ዝም ብሎ አይሄድም። ቢያንስ ቡና ያስፈላል፣ ካልሆነም ዱዓ ያደርጋል። እርስዎ ግን አብሽር ብለውኝ በዚያው ቀሩ።

በሜጋፒክሰሉ ልጀምር። ሐይቅ ከተማ አክስቴ ቤት ሄጄ ቡና አፈላችልኝ። መብራት የለም፣ የዕጣኑ ጭስ ቤቱን ሞልቶታል፣ ያለው ብርሃን የፍሙ ብቻ ነው። በ108ቱ አነሳኋት። የወጣው ፎቶ ላይ ፊቷ በኖራ ተለስኗል፣ ጀበናዋ ሁለት ሆናለች። «ይቺ ደሞ ማናት?» አለችኝ። ልጇ አሮጌ ባለ 12 ሜጋፒክሰል ስልኩን አውጥቶ አነሳት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ወጣ። አክስቴ እስካሁን የኔ ስልክ ርካሹ ይመስላታል፤ እኔም አላረምኳት።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ባለ 108 ሜጋፒክሰሉ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አንድ እያደረገ የሚሰጠን ያንኑ የ12 ሜጋፒክሰል ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ልፋት የሶፍትዌር ነው። ተከታታይ ፎቶ አንስቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ አርሞ የጠራውን ማውጣት። ጉግል በ2018 «ናይት ሳይት» የሚባለውን የጨለማ ማንሻ ሲያወጣ ለማንም አዲስ ሌንስ አልላከም። በ2016 የወጣው የመጀመሪያው ፒክስል ስልክ ሳይቀር በአፕዴት አገኘው። ያው አሮጌ ካሜራ ነው፤ ግን ማታ ማየት ጀመረ።

ለእኛማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አማርኛው ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ የሚመጣበትን ዘመን ያስታውሱታል? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደልን የሚያውቁበት የጋራ ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስልኮቻችን ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ሳጥን ሲያሳዩን ኖሩ። «በሰላም ገብቻለሁ» ብሎ የላከ ልጅ፣ እናቱ ዘንድ የደረሰው አንድ ረድፍ ሳጥን ነበር። ያን ያስወገደው የጠራ ስክሪን አይደለም። ፎንት ነው፤ ከአንድ የመንዙማ ቅጂ ያነሰች ፋይል።

ለፍትሕ ያህል ባትሪውን አላማም። መብራት ሲጠፋ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ውለታው ብዙ ነው። ግን እሱንም ያልጫንኳቸው፣ ላጠፋቸውም የማልችላቸው አፖች ሌሊቱን ሲግጡት ያድራሉ።

ባለፈው ደግሞ የባንኬ አፕ «የስልክዎ ሲስተም አሮጌ ስለሆነ አልከፈትም» አለኝ። ወደ እርስዎ ሮጥኩ። «ወቅታዊ ነው» አሉኝ። ተመልሼ ሄድኩ። «አሮጌ ነው።» ኧረ እባካችሁ፣ ሁለታችሁም የምትኖሩት አንድ ስልክ ውስጥ ነው። ተገናኝታችሁ ተነጋገሩ፤ እኔን አታመላልሱኝ።

ለምን እንደሆነ አይጠፋኝም። ስልክ አፕዴት እንዲያገኝ ቺፑን የሠራው ድርጅት ድራይቨሩን (ቺፑንና ሲስተሙን የሚያግባባውን ፕሮግራም) ማደስ አለበት። ስልኩን የሠራው ደግሞ ለዚያ ሞዴል ብቻ አስተካክሎ መሞከር አለበት። ይህ ገንዘብ ይበላል። እኔ ደግሞ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ከእኔ ሌላ ብር አይገኝም። ብሩ ያለው አዲሱ 200 ሜጋፒክሰል ላይ ነው። ሠራተኞቹ ወደዚያ ተሰበሰቡ፣ እርስዎ ለባዶ ቤት ዘበኛ ሆነው ቀሩ።

አይቻልም እንዳይሉኝ። አፕል በ2013 ለወጣው አይፎን 5ኤስ በ2023 የደህንነት ጥገና ልኳል። ፌርፎን የሚባል ትንሽ የሆላንድ ድርጅት የ2015 ስልኩን እስከ 2023 ሲያድስ ኖሯል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምረው የሰባት ዓመት የአፕዴት ቃል ገብተዋል። ቃል ነው እንግዲህ፣ እናያለን።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። አረንጓዴውን ምልክት ያንሱና «ይህን ስልክ የሠሩት ሰዎች ትተውት ሄደዋል» ይበሉ። እችለዋለሁ። ካርቶኑም ላይ ከሜጋፒክሰሉ አጠገብ፣ በዚያው በሚያህል ፊደል፣ የመጨረሻው አፕዴት የሚመጣበት ዓመት ይጻፍ። ብስኩት እንኳ የሚያበቃበት ቀን አለው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ ደንበኛዎ፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለ108 ሜጋፒክሰል
ለሁለተኛዋ ስምንት
ስልኩን ለሸጠልኝ ልጅ (200 ሜጋፒክሰል ስለገባለት ሥራ በዝቶበታል፤ በእጁ ይሰጠው)